ታኮ

ጎጃም ላይ ሐዲድ የለም፤
ይህን ለማወቅ መማር አያሻም።
እኔ ጓዳ ግን አለ፣
በአሮጌ በር ላይ የተንጣለለ፣
በስድስት የቢራ ሣጥን የቆመ፣
አንዱ እግሩ ያጠረ፣ በካርቶን የታከመ።

ሐዲዱ የጃንጥላ ሽቦ፣
በሁለት ክረምት ተለቅሞ፣ ከየጎረቤቱ ተሰብስቦ፤
አግዳሚው የክብሪት እንጨት፣ በምላጭ የተመጠነ፤
አራት ሺሕ ድረስ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ቁጥሩ ባከነ።
ሞተሩ ካሴት ሲበላ ከሞተ ቴፕ የተወሰደ፤
ቀለሙ ብርቱካንማ፣ ከድሮ መኪናዬ የተዛመደ።
ፉርጎው የሳርዲን ቆርቆሮ፤
ሦስቴ አጥቤዋለሁ፣ ሽታው ግን አልለቀቀ፤
ጣቢያው ላይ ከሰው ቀድሞ የድመቷ ዓይን ጠበቀ።

ሃያ ስምንት ዓመት ኤንትሬ ነድቻለሁ፤
ይህን ገደል በፍሬን ሽታው አውቀዋለሁ።
ጤፍ ጭነን ከቢቸና፣ ከየትኖራ፣
ቁልቁል ስንወርድ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ፣
ልየው ከጎኔ ነው፣ ረዳቴ፣ እግሩ ደጅ፣
ታኮው በእቅፉ፣ እንደ ልጅ።
መኪናው ትንፋሽ ሲያጥረው ይዘላል፣
ታኮውን ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፣
"ያዝ!" ይላል፤ እይዛለሁ።
አንድ ቀን ግን "ያዝ" አላለም። ይኸን ብቻ እናገራለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው መሰለኝ ባቡር ያማረኝ፤
ጉልበቴ ከፔዳል ተጣልቶ ጡረታ ቤት ሲያስቀረኝ።
ቁልቁለት የማይወርድ፣ ፍሬን የማይለምን ነገር፣
ከአፋፍ ወደ አፋፍ በአየር ላይ የሚሻገር።
ባቡር ያየሁት አንዴ ነው፣ ድሬዳዋ፣ ቆሞ፤
ዝጎ፣ ጥላው ሥር ፍየል ተጋድሞ።

ገደሉ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀብኝ።
ጆንያ፣ አመድ፣ የዱቄት ሙጫ፤ አይጥ ግማሹን በላብኝ።
ድንጋዩን ከራሱ ከገደሉ አመጣሁ፤
ባዶ ኪሴን ወርጄ፣ ሞልቼ ወጣሁ።
ወንዙ ቫርኒሽ ነው፤ በጥር የሻይ ቀለም፤
ሐምሌ ሲገባ አፈር እጨምራለሁ፣ ያለዚያ ዓባይ አይደለም።
የሉማሜ መታጠፊያ ላይ ሁለት ሳምንት ወደቀብኝ፤
እንደ ሹፌር እያሰብኩ፤
ሐዲድ መሪ እንደሌለው ቆይቶ ነው የገባኝ።

የውብዳር ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤
"የሽንኩርት ክፍል ነበር" አለችኝ።
"ታሪፉስ ስንት ነው?"
"ላንቺ በነጻ።"
"በነጻ የሚሄድ ነገር ፍሬን የለውም" ብላ ሄደች።

ሕግ አለው መሥመሩ፣ በደብተር የተጻፈ፤
አሥራ ሁለት ሰዓት ከማርቆስ፣ ሩብ ሲል ደጀንን ያለፈ።
አንዴ ከተነሣ እጅ አይነካውም።
መዘግየት ይመዘገባል፣ ምክንያቱም፦
"መብራት"፣ "መብራት"፣ "ድመት"፣ "መብራት" ይላል ዓምዱ ሁሉም።

ከድልድዩ መሐል፣ ከተማ ከሌለበት፣
ጣቢያ አለ፣ ስም ያልተጻፈበት።
ባቡሩ አንድ ደቂቃ ይቆማል።
የሚወርድ የለም። የሚሳፈር የለም። ከዚያ ይሄዳል።
የጎረቤት ልጅ፣ ስንሻው፣ "ጋሼ፣ ይኼ ለማን ነው?" ሲለኝ፣
"ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ" አልኩት። በግማሽ አመነኝ።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ፣ አይቶ አይቶ፤
ባቡሩ ቆመ፣ ለዚያች ጣቢያ ስንዝር ጎድሎት፣ ቀርቶ።
ሕግ ሕግ ነው ብዬ እጄን አልሰደድኩም።
ከውጭ የከባድ መኪና ፍሬን ያቃስታል፤
ይህን ድምፅ ዛሬም አልለመድኩም።

የውብዳር ባትሪ ይዛ ገባች። ምንም አላለች።
ደብተሬንም አላየች።
ፉርጎውን በአንድ ጣት ገፋችው፣ ተጠንቅቃ፣
አልጋ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው፣ የተኛው እንዳይነቃ፣
እስከ ጣቢያው ድረስ።

ቆየችና "ታኮውስ?" አለች።
ከቀሚሷ ኪስ አንዲት ሽምብራ አወጣች፣
ከመንኮራኩሩ ሥር ሸጎጠች።

አሁን መብራት መጥቷል።
ሞተሩ ያጓራል፣ አይሄድም፤
ሽምብራዋንም አላነሣኋትም።